ብስክሌቱ ግድግዳ ተደግፎ እንዳይቀር
በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



እኛ ሒሳብ የምንይዝ ሰዎች መድረክ ላይ ስንወጣ ሁላችሁም የምትጠብቁት ቁጠባን፣ ብድርንና ውዝፍን ነው። ዛሬም የምንነሳው ከመዝገብ ነው። በቋሚ ንብረት መዝገባችን ላይ ለአባላት የተሰጡ ብስክሌቶች ተመዝግበዋል። በየዓመቱ የእርጅና ቅናሽ እንይዝላቸዋለን፤ በቆጠራ ጊዜም «አለ» ብለን ምልክት እናደርጋለን። መዝገቡ የማይነግረን አንድ ነገር ግን አለ፤ ብስክሌቱ ይነዳል ወይስ ቆሟል?

በዘንድሮው ቆጠራ ቤት ለቤት ስንዞር አንዳንዶቹ ብስክሌቶች ጆንያ ለብሰው፣ ጎማቸው ተንፍሶ፣ ግድግዳ ተደግፈው አገኘናቸው። ፍሬናቸው ይይዛል፣ ሰንሰለታቸውም ደህና ነው። ታዲያ ለምን ቆሙ ብለን ስንጠይቅ የመጀመሪያው መልስ «ጊዜ አጣሁ» የሚል ነበር። ቡናው ሁለተኛ ሲደርስ፣ ወንዶቹ ወጣ ሲሉ፣ ድምፅም ዝቅ ሲል እውነተኛው መልስ መጣ። «ተላላጥኩ። መቀመጥ አቃተኝ። ይህንንስ ለማን ይነግሩታል?»

እንግዲህ የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ ነው። ብስክሌት ስንነዳ ጭናችን ውስጥ ስለሚደርሰው መላላጥና መቀመጫችን ላይ ስለሚወጣው ቁስል፣ ሳይመጣ እንዴት እንደምንከላከለውና ከመጣም ምን እንደምናደርግ እንነጋገራለን። በመካከላችን ያላችሁ ወንድሞችም ጆሯችሁን አትሸፍኑ፤ ነገሩ እናንተንም ያገኛችኋል።

ጉዳዩ የኪስም ጉዳይ ነው

ከተማችን ባሕር ዳር ሜዳ ናት። ብስክሌት ለኛ የስፖርት ዕቃ አይደለም፤ ገበያ መውረጃ፣ ልጅ ማድረሻ፣ ዕቃ መጫኛ ነው። ጎመንና ቲማቲም የምትቸረችር አንዲት እህታችንን እንውሰድ። ማልዳ ብስክሌቷን ይዛ ወርዳ፣ ከኋላ ጭና፣ ሰው ሳይበዛ ቦታዋ ትደርስ ነበር። ቁስሉ ሲብስባት ብስክሌቱን አቆመችና ባጃጅ ጀመረች። ደርሶ መልሱ በየቀኑ ከትርፏ ላይ ይቀነሳል። እኛ ይህንን ያየነው በቁጠባ ደብተሯ ላይ ነው። መጀመሪያ ቁጠባው አነሰ፣ ቀጥሎ ዘለለ፣ ከዚያ የብድር ክፍያው ዘገየ። በብድር ኮሚቴው ፊት «ሥራ ቀዘቀዘ» ተባለ እንጂ «ቆስያለሁ» አልተባለም። የጣት ጥፍር የምታህል ቁስል እስከ ብድር መዝገባችን ድረስ ደረሰች ማለት ነው።

ዝም የምንልበት ምክንያት ይገባናል። ቦታው የሚያሳፍር ነው። አንዳንዶቻችንም ነገሩን ከራሳችን ድክመት ወይም ከሴትነታችን ጋር እናያይዘዋለን። «ብስክሌት ለሴት አይሆንም፣ ልጃገረድን ያበላሻል» ሲባል ያልሰማን የለንም። ሴት ልጆቻቸውን ከብስክሌት ያወረዱ እናቶችም አሉን። ስለዚህ በግልጽ እንናገር። የኮርቻ ቁስል የቆዳ ቁስል ነው። አዲስ ጫማ ተረከዝን እንደሚልጠው፣ መጥረቢያ መዳፍን እንደሚያቆስለው ያለ ነገር ነው። የልጅቱን ክብርም ሆነ መውለዷን የሚነካ አይደለም።

የሴት ብቻ አለመሆኑን ለማየት ደግሞ የዓለምን ጀግኖች እንይ። ፈረንሳዊው ሉዊዞን ቦቤ ቱር ደ ፍራንስ የተባለውን ታላቅ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1953፣ በ1954 እና በ1955 በተከታታይ ያሸነፈ ሰው ነው። በሦስተኛው ድሉ ጊዜ በኮርቻ ቁስል ክፉኛ ይሠቃይ ስለነበር ከውድድሩ በኋላ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። እሱን ያገኘው እኛን ቢያገኘን አያሳፍርም።

ቁስሉ ከየት ይመጣል?

ሦስት ነገሮች ሲገናኙ ነው፤ ፍትጊያ፣ እርጥበትና ጫና። ፔዳል በመታን ቁጥር ጭን ከኮርቻው ጋር ይፋተጋል። ላብ ሲጨመርበት ቆዳው ይርሳል፤ የራሰ ቆዳ ደግሞ እንደ ራሰ ወረቀት በቀላሉ ይላጣል። በላዩ ላይ የሰውነታችን ክብደት ተጭኖበታል። በተላጠው ቦታ ወይም በፀጉር ሥር ተህዋስያን ሲገቡ ብጉር ይሆናል፤ ዝም ከተባለም መግል የቋጠረ ብጉንጅ ይሆናል። ከእንግዲህ የምንላቸው ምክሮች በሙሉ ከሦስቱ አንዱን ለመቀነስ ናቸው። ሦስቱን የያዘች ሴት ምክሩን ሁሉ ብትረሳ እንኳ ራሷ ታገኘዋለች።

መጀመሪያ ኮርቻውን እንይ

ብዙዎቻችን ቫዝሊን ከመግዛታችን በፊት መፍቻ መዋስ አለብን። ብስክሌቱ ለሌላ ሰው ቁመት ተስተካክሎ እንደመጣ የምንነዳው ብዙዎች ነን።

ቁመቱን የምንለካው እንዲህ ነው። አንድ ሰው ብስክሌቱን ይያዝልን፤ ኮርቻው ላይ እንቀመጥና አንዱን ፔዳል ወደ ታች እናውርደው። ተረከዛችንን ፔዳሉ ላይ ስናደርግ ጉልበታችን ቀጥ ካለ ቁመቱ ልክ ነው። ስንነዳ በእግራችን የፊት ክፍል ስለምንረግጥ ጉልበታችን ትንሽ ይታጠፋል፤ የሚፈለገውም ይህ ነው። ኮርቻው ከዚህ ከፍ ካለ ፔዳሉን ለመድረስ ዳሌያችን ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ ያ ውዝዋዜ ነው ቆዳውን የሚልጠው። ከዚህ ዝቅ ካለ ደግሞ እግራችን ክብደታችንን አያግዝም፤ ሁሉም ጫና መቀመጫችን ላይ ይወድቃል፣ ጉልበትም ያማል። አዲስ ጀማሪዎች እግራቸው መሬት እንዲደርስ ብለው ኮርቻውን በጣም ዝቅ ያደርጉታል። ስንቆም ከኮርቻው ወደ ፊት ወርደን መቆምን ከተለማመድን ይህ አያስፈልግም።

ቀጥሎ ደረጃው ነው። በግንባታ ሥራ ላይ ያላችሁ እህቶች ውሃ ልክ አላችሁ፤ ኮርቻው ላይ አስቀምጡትና እዩ። ውሃ ልክ ከሌለ ቀጥ ያለ ጣውላ ኮርቻው ላይ አጋድሞ ከጎን ማየት ይበቃል። መነሻው ልክ ሜዳ ማድረግ ነው። አፍንጫው ሽቅብ ከቀና ለስላሳውን አካላችንን ይጫናል። ያም ሆኖ ሜዳው የሚያምማት ሴት አፍንጫውን በጥቂቱ ወደ ታች ብታዘነብለው ይቀላታል። በትልልቅ ውድድሮችም ቢሆን ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት ደንቡን አላልቶ ከእ.ኤ.አ. 2016 ጀምሮ ኮርቻ እስከ 9 ዲግሪ እንዲያዘነብል ፈቅዷል። በጣም ካዘነበለ ግን ወደ ፊት ያንሸራትተናል፤ እጃችንም ይደነዝዛል። ስለዚህ ጥቂት አዙሮ፣ አንድ ሁለት ቀን ነድቶ ማየት ነው።

ሦስተኛው ስፋቱ ነው። ስንቀመጥ የሚሸከሙን ሁለት የመቀመጫ አጥንቶች ናቸው። የሴት አጥንቶች በአብዛኛው ከወንድ ይልቅ ተራርቀው ይገኛሉ። ኮርቻው ከጠበበ አጥንቶቹ ከውጭ ይቀሩና ክብደታችን በመካከላቸው ባለው ለስላሳ አካል ላይ ያርፋል። መለካት ለፈለገች ዘዴው ቀላል ነው። ቁራጭ ካርቶን ጠንካራ ደረጃ ላይ አድርጋ፣ ጉልበቷን ከፍ አድርጋ ትንሽ ትቀመጥበት። ሁለት የጎደጎዱ ምልክቶች ይቀራሉ። የኮርቻው የኋላ ስፋት ከሁለቱ ምልክቶች ርቀት በጥቂት ሳንቲ ሜትር ሊበልጥ ይገባል። ቀጥ ብለን ተቀምጠን ለምንነዳ ለኛ ለውድድር የተሠራው ቀጭን ኮርቻ አይስማማንም።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው «ያምማልና ይለስልስ» ብለን ወፍራም ስፖንጅ ስናስርበት ነው። ስፖንጁ ሲበዛ አጥንቶቹ ይሰምጣሉ፤ ስፖንጁ በመካከል ሽቅብ ይወጣና የሚያምመንን ቦታ ይጫናል። በደንብ ያልታሰረ ከሆነም እየተንሸራተተ ራሱ ይፈትገናል። ጠንከር ያለና ልካችን የሆነ ኮርቻ ይሻላል። በክረምት ዝናብ እንዳይገባበት የምናስረውን ፌስታልም ስንነሳ እናውልቀው። ፌስታል ላብ አያሳልፍም፤ ኮርቻው ላይም ይንሸራተታል።

ልብሳችን

ሴት ቀሚስ ለብሳ ብትነዳ ነውር የለውም። ችግሩ ቀሚሱ ከሥር ሲታጠፍ ነው፤ እጥፋቱ እንደ ገመድ ሆኖ ይፈትጋል። ከቀሚሱ ሥር ሰውነት ላይ ልጥፍ የሚል፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ታይት መልበስ ጭን ከጭን ጋር እንዳይፋተግም ይረዳል። ጂንስ ግን ለረጅም መንገድ አይሆንም፤ አራት ስፌት የሚገናኘው በትክክል በምንቀመጥበት ቦታ ላይ ነው። የውስጥ ሱሪ ስንመርጥም ዳንቴልና ወፍራም ጠርዝ የሌለውን እንምረጥ። ለአጭር መንገድ ጥጥ ደህና ነው። ረጅም መንገድ ለምትነዳ ግን ጥጥ ላቡን ይዞ ስለሚቆይ ቶሎ የሚደርቅ ጨርቅ ይሻላታል።

ለብስክሌት ተብሎ የተሠራ፣ መቀመጫው ላይ ገበር ያለው ቁምጣ አለ። ገበሩ ድሮ ከለስላሳ ቆዳ ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ከሰው ሠራሽ ጨርቅ ነው። ከቀሚስ ወይም ከሱሪ ሥር ሊለበስ ይችላል። ሰልቫጅ ውስጥም አልፎ አልፎ ይገኛል፤ የገዛችው በደንብ አጥባ ፀሐይ ላይ ታድርቀው። ይህን ቁምጣ የምትለብስ ሴት ከሥሩ የውስጥ ሱሪ አታድርግ። ሥራው ስፌት ቆዳ እንዳይነካ ማድረግ ስለሆነ የውስጥ ሱሪው ከገባበት ትርፉ ይጠፋል። ስለዚህም ለብሰነው በዋልን ቁጥር መታጠብ አለበት፤ ሁለት ቢኖር ይመረጣል።

ቆዳችን

ከመነሳታችን በፊት ስስ ቫዝሊን ጭናችን ውስጥና ስፌት በሚነካን ቦታ ላይ እንቀባ። ከውጭ ቆዳ አይለፍ፤ ወደ ውስጥ አይገባም። የምግብ ቅቤ አንጠቀም፤ ይሸታል፣ ይበላሻል። ሽቶ ያለው ሎሽንና ፓውደርም አይሁን።

ስንደርስ ትልቁ ሥራ ይጀምራል። ላብ የጠጣውን ልብስ ለብሶ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ መቀመጥ ለቁስል መጋበዝ ነው። ቅያሪ የውስጥ ሱሪ በቦርሳ ይኑረን። ውሃ ካለ ለብ ባለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና ከውጭ ታጥበን፣ ሳንፈገፍግ በንጹሕ ጨርቅ መታ መታ አድርገን እናድርቅ። ውሃ ከሌለ መቀየሩ ብቻም ብዙ ይጠቅማል። ፀጉርን በምላጭ መላጨትም ቆዳውን ስለሚያስቆጣና ፀጉሩ ወደ ውስጥ እንዲበቅል ስለሚያደርግ፣ በብስክሌት ለምትውል ሴት በመቀስ ማሳጠር ይሻላታል።

በወር አበባ ጊዜ የሞዴሱ ጠርዝና ክንፍ ዋነኛ ፈታጊ ነው። ከመነሳታችን በፊት አዲስ እንቀይር፤ ክንፉ በትክክል መታጠፉን እናረጋግጥ፤ ቫዝሊኑን ጠርዙ በሚያርፍበት ቆዳ ላይ እንቀባ። ከጨርቅ የተሰፋ የምንጠቀም ከሆነ ስፌቱ ወደ ሰውነታችን የዞረ አይሁን። በቅርብ የወለደች እህት ቁስሏ ሳይድን ኮርቻ ላይ አትውጣ። በልጅነታችን ተገርዘን ጠባሳ የቀረብንም ሴቶች አለን፤ የጠባሳ ቆዳ ከሌላው ይልቅ ቶሎ ሊጎዳ ስለሚችል፣ የሚያምማት ዝም ብላ ከመታገሥ አዋላጅ ነርስን ብታማክር መልካም ነው።

አነዳዳችን

ኮርቻ ላይ ተተክለን አንቅር። በየ10 እና 15 ደቂቃው ፔዳሉ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ቆመን ደም እናስተላልፍ። ጉድጓድና ኮብልስቶን ሲመጣ ከኮርቻው ከፍ እንበል፤ መንገጫገጩን ጉልበታችን ይቀበለው። ጎማም ከልክ በላይ አይነፋ፤ የሚፈቀደው መጠን በጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። አዲስ ጀማሪ በመጀመሪያው ቀን እስከ ጢስ ዓባይ ልሂድ አትበል። በአጭሩ ጀምራ ከሳምንት ሳምንት ስትጨምር ሰውነቷ ይለምዳል። ልብ በሉ፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት የአጥንት ሕመም ለምድ የሚተወው ነው። የቆዳ መላጥና መደንዘዝ ግን በመልመድ አይለቅም፤ ምክንያቱ ተፈልጎ ይስተካከል።

ከቆሰልን በኋላስ?

መጀመሪያ ከብስክሌት እንውረድ። ገና ቀይ ሲሆን ጥቂት ቀን ያረፈች ሴት፣ «እስኪ ልታገሥ» ብላ ከነዳችው በፊት ሥራዋ ላይ ትመለሳለች። ቦታውን ንጹሕና ደረቅ እናድርግ፤ ሌሊት ሰፋ ያለ ልብስ እንልበስ። እብጠት ካለው በለብታ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ እንያዝበት። በጣት አንጭመቅ፣ በመርፌም አንውጋ። ሎሚ፣ አልኮል፣ ነጭ ሽንኩርትና የጥርስ ሳሙና ቁስሉን ያቃጥሉታል እንጂ አያድኑትም። ከጎረቤት የተረፈ አሞክሳሲሊንም አንዋጥ።

ወደ ጤና ጣቢያ የምንሄድባቸው ምልክቶች እነዚህ ናቸው፤ ትኩሳት፣ እየሰፋ የሚሄድ መቅላት፣ መግል፣ እየተለቀ የሚሄድ እብጠት፣ እዚያው ቦታ ደጋግሞ የሚወጣ ብጉንጅ፣ ከወረድን በኋላ የማይለቅ መደንዘዝ። የስኳር ሕመም ያለባት እህት ቁስሏ ቀስ ብሎ ስለሚድን ምልክቱን ሳትጠብቅ ትሂድ። እዚያም ስንደርስ «ሆዴን ያምመኛል» አንበል። ባለሙያዋ ይህን ስታይ የመጀመሪያዋ አይደለችም፤ ቦታውን ከደበቅናት ግን መድኃኒቱን ልታገኝልን አትችልም።

የምናቀርበው ሐሳብ

አሁን ወደ መዝገባችን እንመለስ። ለዚህ ስብሰባ ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ ብስክሌት የምትረከብ አባል ፈርማ ከመውጣቷ በፊት ኮርቻው በቁመቷ ይስተካከልላት። አንድ መፍቻና ግማሽ ሰዓት የሚጠይቅ ነው። ሁለተኛ፣ ስፌት የምትችሉ አባላት ገበር ያለው ቁምጣ ብትሞክሩ፣ ለእናንተ ገቢ ለእኛ መድኃኒት ይሆናል። የገበሩ ዳርቻ ስፌት የመቀመጫ አጥንት ላይ እንዳያርፍና መካከሉ ላይ ስፌት እንዳይኖር ብቻ ተጠንቀቁ። ሦስተኛ፣ በየቆጠራው «አለ» ከሚለው ምልክት አጠገብ «ይነዳል ወይ?» የሚል አንድ ዓምድ ይጨመር። «አይነዳም» የሚል መልስ ሲመጣ የሚጠይቀውም ሴት ይሁን፤ ለብቻም ይጠየቅ።

ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ የሰጣችሁን ብስክሌት ብዙ ቤት አቅንቷል። ወደፊት ስትለግሱ ግን ከብስክሌቱ ጋር ለሴት የሚስማማ ኮርቻና ሁለት ቁምጣ አብራችሁ ብታስቡልን እናመሰግናለን። በወጪ ዝርዝር ላይ ትንሽ መስመር ነች። ያቺ መስመር ከሌለች ግን ትልቁ መስመር፣ ብስክሌቱ ራሱ፣ በጆንያ ተሸፍኖ ሊያረጅ ይችላል።

እናቶችና እህቶች፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ከዛሬ ስብሰባ ስንወጣ ብስክሌቷን ያቆመች ጎረቤት ያለችን ሁሉ ቡና ጠጥተን ጠጋ ብለን እንጠይቃት። መፍቻው በማኅበሩ ቢሮ አለ፤ የፈለገች መጥታ ትውሰድ።